ካየን፦ ቅንጦቱ ለባለቤቱ፣ ሒሳቡ ለመንገደኛው

ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን የቤተሰብ መኪና፣ ከቆመበት ተነሥቶ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲፈተለክ የሚያስገድደው ምን ጉዳይ ነው? ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ? አስቤዛ መሸመት? ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጣ ማለት?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የጀርመኑ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ያስተዋወቀው ኤሌክትሪክ ካየን ቱርቦ ይህንኑ ያደርጋል። ከፍተኛ ጉልበቱ 1,156 የፈረስ ጉልበት ነው። የመጀመሪያው ካየን ቱርቦ በ2002 ሲወጣ 450 ነበረው፤ ያኔም ብዙ ተብሎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ450 እስከ 1,156 ያለው መንገድ 23 ዓመት ፈጅቷል። መንገዱን ደረጃ በደረጃ የተከተለ ሰው ካየን በየጊዜው ያደገው ተሳፋሪው ስለቸገረው እንዳልሆነ ይረዳል። ያደገው የጎረቤት መኪና ስለበለጠው ነው። የፉክክሩን ወጪ ደግሞ ገዢው ብቻውን አልከፈለም። ከተሜው፣ እግረኛውና በመጨረሻም መንግሥታት አብረው ከፍለውለታል። አሁን ክፍያው ወደ ኢትዮጵያም የሚመጣበት በር ተከፍቷል።

◆ ለመዳን የተወለደ መኪና

ለፍርድ እንዲያመች ከመነሻው መጀመር ይገባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ ለመዘጋት የተቃረበ ኩባንያ ነበር። በ1992/93 የበጀት ዓመት የሸጣቸው መኪኖች ከ15 ሺሕ በታች ነበሩ። ቬንደሊን ቪዴኪንግ አመራሩን ያዙ፤ የቶዮታን የአመራረት ዘዴ የሚያውቁ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስገቡ፤ ብክነትን ቆረጡ። በ1996 ቦክስተር የተባለው አነስተኛ የስፖርት መኪና ገበያ ላይ ዋለና ኩባንያው ነፍስ ዘራ። ሆኖም ኑሮውን በስፖርት መኪና ላይ ብቻ የመሠረተ ኩባንያ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር መንገዳገዱ አይቀርም።

ስለዚህ በ1998 ከፎልክስቫገን ጋር የጋራ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከአንድ መሠረት ሁለት መኪኖች ወጡ፦ ፎልክስቫገን ቱዋሬግና ፖርሽ ካየን። የካየን አካል ስሎቫኪያ ብራቲስላቫ ይሠራና ላይፕዚግ በተከፈተው አዲስ ፋብሪካ ይገጣጠም ነበር። መኪናው በ2002 በፓሪስ የመኪና ትርዒት ላይ ታየ። ስሙን የወሰደው ከሚያቃጥለው የበርበሬ ዓይነት ነው፤ ሚጥሚጣ እንደማለት።

በዚያ ወቅት አንድ የሚያስመሰግን ነገር ተፈጽሟል። የላይፕዚግ ፋብሪካ በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ምድር ስለተሠራ ከመንግሥት ድጎማ የማግኘት ዕድል ነበረው። ቪዴኪንግ ድጎማውን አልቀበልም አሉ። ምክንያታቸው ቅንጦት የሚሸጥ ኩባንያ ከሕዝብ ካዝና እርዳታ መቀበል አይገባውም የሚል ነበር። አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ ይያዝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

የፖርሽ አፍቃሪዎች ግን ተቆጡ። የ911 ቤት እንዴት ጂፕ የመሰለ ነገር ይሠራል ብለው ጮኹ። ገበያው በተቃራኒው ፈረደ። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በ2020 መጨረሻ አንድ ሚሊዮንኛው ካየን ከፋብሪካ ወጣ። ካየን ባይኖር ፖርሽ ዛሬ የሚታወቀው ፖርሽ አይሆንም ነበር። ይህን መካድ አይቻልም፤ መካድም አያስፈልግም። ጥያቄው ኩባንያው ከዳነ በኋላ የሆነው ነው።

◆ ከጭቃ ወደ ውድድር ሜዳ

የመጀመሪያው ካየን ከባድ ቢሆንም ሥራ ያውቅ ነበር። ለዳገትና ለጭቃ የሚያገለግል ዝቅተኛ ማርሽ ነበረው፤ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ነበረው። በ2006 ከሞስኮ እስከ ሞንጎሊያ በተካሄደው የትራንስሳይቤሪያ ውድድር ካየኖች አንደኛና ሁለተኛ ወጥተዋል። የገዛው ሰው ከአስፋልት ባይወርድ እንኳ መኪናው መውረድ ይችል ነበር።

በ2010 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ ዝቅተኛው ማርሽ ቀረ። ለዚህ ምክንያት አልጠፋም፤ አብዛኛው ገዢ ስለማይጠቀምበት ተነሣ፣ መኪናውም 180 ኪሎ ግራም ያህል ቀለለ። ይህ ጥሩ ሥራ ነበር። ክብደት መቀነስ እንደሚቻል ያሳየው ራሱ ፖርሽ ነው። የሚያሳዝነው የቀለለው ክብደት ለቁጠባ አለመዋሉ ነው። ሥራው ከመኪናው ሲወጣ በቦታው ትዕቢት ገባ።

ቁጥሮቹ ይናገሩ። ቱርቦ ኤስ በ2006 521 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2013 550 ሆነ። በ2015 ወደ 570 አድጎ የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ የውድድር መንገድ ከ8 ደቂቃ በታች ዞረ። በ2019 የነዳጅና የኤሌክትሪክ ቅልቅሉ 680 ደረሰ። በዚያው ዓመት ኩፔ የሚባለው መጣ፤ ጣሪያው ወደ ኋላ የተንሸራተተ፣ የዕቃ መጫኛው ያነሰ፣ ዋጋው ግን የጨመረ። በ2021 ቱርቦ ጂቲ ተከተለ፦ 640 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር፣ አራት መቀመጫ ብቻ፣ የውድድር ጎማ፣ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ቁመት። ኑርቡርግሪንግን በ7 ደቂቃ ከ38.9 ሰከንድ ዞረ። በ2023 ቅልቅሉ 739 ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰዎች ከፍ ያለ መኪና የሚገዙት ከፍታውን፣ ስፋቱንና መንገድ አለመምረጡን ብለው ነው። ቱርቦ ጂቲ ከፍታውን ቀነሰ፣ መቀመጫውን ቀነሰ፣ የጭቃ ጎማውን ትቶ የውድድር ጎማ አጠለቀ። የስፖርት መኪና ለመምሰል ይህን ሁሉ የሚለፋ ኤስዩቪ ከመግዛት የስፖርት መኪናውን መግዛት ይቀል ነበር። የስፖርት መኪና ቀላል ነው፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ያነሰ ጎማና ብረት ይፈጃል።

ፖርሽ ብቻውን አልነበረም። ቢኤምደብሊው በ2009 ኤክስ 5 ኤምን እና ኤክስ 6 ኤምን አመጣ። ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ኤስቪአር በ2014 ተከተለ። በ2015 ቤንትሌይ ቤንታይጋ፣ በ2017 መጨረሻ 650 የፈረስ ጉልበት ያለው ላምቦርጊኒ ኡሩስ ወጡ፤ እነዚህ ሁለቱ ከሦስተኛው ትውልድ ካየን ጋር የአንድ ቤተሰብ መሠረት የሚጋሩ የፎልክስቫገን ግሩፕ ልጆች ናቸው። በ2022 ፌራሪ እንኳ ባለ 12 ሲሊንደሩን ፑሮሳንግዌ ይዞ ብቅ አለ። ጎረቤት አጥሩን ባስረዘመ ቁጥር ሁሉም የየራሱን አጥር አስረዘመ። ማንም የተሻለ ነገር ማየት አልቻለም፤ ፀሐይ ብቻ ከለሉ።

◆ ሒሳቡ ማን ጋ ደረሰ?

በ2009 ካየን በናፍጣ ሞተር መጣ። ለአውሮፓ ገዢ የተነገረው መልእክት ግልጽ ነበር፦ ትልቅ መኪና ይንዱ፣ ነዳጅ ይቆጥቡ። ከዚያ የፎልክስቫገን ግሩፕ የናፍጣ ቅሌት ፈነዳ። በሐምሌ 2017 የጀርመን ትራንስፖርት ሚኒስትር አሌክሳንደር ዶብሪንት የካየን 3 ሊትር ናፍጣ መኪኖች እንዲጠሩና አዲስ እንዳይመዘገቡ አዘዙ። ምክንያቱ የልቀት ምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ ጭሱን የሚያጠራ፣ መንገድ ላይ ግን የሚለቅ ሶፍትዌር ነበር። በ2018 ፖርሽ ናፍጣን ተወ። በ2019 የሽቱትጋርት ዐቃቤ ሕግ በቁጥጥር ጉድለት 535 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ቅጣቱ ለመንግሥት ገባ፤ ጭሱን የሳቡት ሰዎች ግን ሳንባቸውን የሚመልስላቸው አላገኙም።

ከተሞች ዝም አላሉም። የለንደን ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን በ2008 ብዙ ጭስ የሚለቁ መኪኖች ወደ መሃል ከተማ ሲገቡ በቀን 25 ፓውንድ እንዲከፍሉ ወሰኑ፤ የተራው መኪና ክፍያ 8 ፓውንድ ነበር። ፖርሽ ምን አደረገ? ከተማዋን ፍርድ ቤት ለማቆም ተነሣ። በዚያው ዓመት በምርጫ ያሸነፉት ቦሪስ ጆንሰን ዕቅዱን ሰረዙት። ለሥራ አስኪያጁ ድጎማ መቀበል ነውር የሆነበት ኩባንያ፣ የከተማ ጭስን ሒሳብ መክፈል ሲመጣ ግን ጠበቃ ቀጠረ።

ፓሪስ በ2024 ሌላ መንገድ ሞከረች። ነዋሪዎች ድምፅ እንዲሰጡ ተጠየቁ፦ ከውጭ የሚመጡ ከባድ መኪኖች የማቆሚያ ክፍያቸው ሦስት እጥፍ ይሁን? ለመምረጥ የወጣው ሰው ከመቶ ስድስት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከወጡት ግን 54.5 በመቶ ይሁን አሉ። በመሃል ከተማ ክፍያው በሰዓት 18 ዩሮ ሆነ። ወሳኙ ነገር መለኪያው ነው። ፓሪስ የለካችው በክብደት ነው፤ ለነዳጅና ለቅልቅል መኪና 1.6 ቶን፣ ለኤሌክትሪክ 2 ቶን። ኤሌክትሪክ መሆን ብቻውን ከክፍያ አላስመለጠም።

ለምን ክብደት? የፊዚክስ ትምህርት ይበቃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 2.6 ቶን መኪና በዚያው ፍጥነት ከሚሄድ 1.3 ቶን መኪና እጥፍ ጉልበት ተሸክሟል። ያ ጉልበት መኪናው ሰው ሲገጭ ምንጩ ቤንዚን ይሁን ባትሪ አይለይም። ከባድ መኪና ጎማ በብዛት ይፈጃል፤ የጎማው ብናኝም አየር ላይ ይቀራል።

◆ «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ምቀኝነት ነው»

ይህ የተለመደ መልስ ነው። ሰው ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ የፈለገውን ቢነዳ ማን ያገባዋል? መልሱ ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ ቢያቆመው ማንም አያገባውም። መኪና ግን ግቢ ውስጥ አይነዳም። የሚነዳው በሕዝብ መንገድ፣ በሕዝብ አየር፣ በሕዝብ ልጆች መካከል ነው። የአንድ ሰው የወርቅ ሰዓት ሌላውን አያደኸይም፤ የአንድ ሰው መኪና ሲሰፋ ግን የሌላው መንገድ ይጠባል። አዲሱ ካየን ከመጀመሪያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጎዳናዎች በእነዚህ ዓመታት አብረው አልረዘሙም።

ደግሞም ነገሩ የጥቂት ሀብታሞች ብቻ ሆኖ አይቀርም። ውዱ መኪና ፋሽኑን ያወጣል፣ ርካሹ ይከተለዋል። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ እንዳስታወቀው በ2023 በዓለም ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች 48 በመቶው ኤስዩቪዎች ነበሩ። በዓለም ያሉት ኤስዩቪዎች አንድ አገር ቢሆኑ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከዓለም አምስተኛ ይሆኑ ነበር። በርበሬውን የበላው አንዱ፣ አፉ የሚቃጠለው ሌላው ሆኖአል።

◆ «ኤሌክትሪክ ነው እኮ»

አሁን የመጨረሻው መከላከያ መጣ። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ እንግዲህ ምን ቀረባችሁ?

እውነት ነው፣ ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነገር የለም። ኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና እንደሚሻል ማንም በቅንነት የሚከራከር ሰው አይክድም። ነገር ግን ፖርሽ ቤንዚኑንና ቅልቅሉን ካየን አልተወም፤ ከኤሌክትሪኩ ጎን ለጎን ይሸጣቸዋል። አዲሱ የቀድሞውን አልተካም፣ ተጨመረበት።

ባትሪውም ይታይ። 113 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። አንድ ቤተሰብ ባለ 10 ዋት አራት አምፖሎችን በቀን ለአምስት ሰዓት ቢያበራ 0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የአንድ ካየን አንድ ሙሌት ያንን ቤት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ያበራዋል። ለባትሪው የሚቆፈረው ማዕድን ለሁለት ትናንሽ መኪኖች ይበቃ ነበር። ኤሌክትሪክ መሆን መልካም ነገር ነው፤ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ 1,156 ፈረስ ለመቀለብ ማዋል ግን ሌላ ነገር ነው።

◆ ሒሳቡ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

እስካሁን የተባለው የጀርመን፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጉዳይ ይመስላል። ለኢትዮጵያ የሚነካው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱ የግብር ሕጉ ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዳዲስ መኪኖችን በሞተር መጠን ከፋፈለ። እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ። ሐሳቡ ለማንም ግልጽ ነው፦ ትልቅ ሞተር ቅንጦት ነው፣ ቅንጦት ደግሞ ይክፈል። አዋጁ ሲወጣ ብዙ ተጮኸበት፤ መሠረቱ ግን ትክክል ነበር።

ከዚያ ኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ኤሌክትሪክ ሞተር ሲሲ የለውም። በ2022 መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪክ ከራሷ ወንዝ ለምታመነጭ አገር አቅጣጫው የሚደገፍ ነው።

ስሕተቱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ቅንጦትን በሲሲ ብቻ የሚለካ ሥርዓት ሲሲ የሌለው ቅንጦት ሲመጣ ዕውር ይሆናል። ባለ 2,000 ሲሲ የቤንዚን መኪና እንደ ቅንጦት ሲቆጠር፣ 1,156 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለባትሪ መኪና ከትንሿ የከተማ መኪና ጋር በአንድ መዝገብ ይሰለፋል። ነፃነቱ በመቶኛ ስለሆነ ደግሞ ትልቁ ስጦታ ትልቁን መኪና ለሚገዛ ይደርሳል። እንበል አንዱ 15 ሺሕ ዶላር፣ ሌላው 120 ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ኤሌክትሪክ መኪና አስመጡ። በዋጋው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ቢታሰብ፣ ለመጀመሪያው የተተወለት 2,250 ዶላር ነው፤ ለሁለተኛው 18,000 ዶላር። ስምንት እጥፍ! ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ በሚያጣው ገቢ ባለ ሦስት ሚሊዮኑ ሳይሆን ባለ ብዙ ሚሊዮኑ ይደጎማል።

ጥያቄው ካየን አዲስ አበባ ገብቷል ወይ አልገባም አይደለም። ካየን ባይገባ ሌላው ትልቅ ኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ይገባል፤ ፉክክሩ ስም አይመርጥም። የሚገባበት ከተማ ደግሞ በመኪና ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች የሆኑባት ከተማ ናት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኤሌክትሪክ መኪናን በማስፋፋት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ኖርዌይ ከ2023 ጀምሮ ሁለት ነገር አድርጋለች። ከ500 ሺሕ ክሮነር በላይ ባለው የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጣለች፤ በክብደት የሚሰላውን ግብርም በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ አዋለች። ኤሌክትሪክን አልተወችም። ቅንጦቱን ብቻ ለይታ አስከፈለች።

ኢትዮጵያም እንዲሁ ማድረግ ትችላለች። አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና አነስተኛ የቤት መኪና በነፃነቱ ይቀጥሉ። ከተወሰነ ዋጋና ክብደት በላይ ያለው መኪና፣ ባትሪም ይኑረው ቤንዚን፣ እንደ ቅንጦት ይክፈል። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ለእግረኛ መንገድና ለመሻገሪያ ይዋል። ሕጉን ለማሻሻል የሚያስፈልገው በሲሲው አጠገብ ሁለት ዓምድ መጨመር ነው፤ አንዱ ለኪሎ ግራም፣ አንዱ ለዋጋ።

የዚህ ሁሉ መነሻ የሆነውን መኪና ወደ ገበያ ያመጡት ሰው ለላይፕዚግ የቀረበላቸውን ድጎማ የመለሱት ቅንጦትና የሕዝብ ገንዘብ አብረው አይሄዱም ብለው ነው። ሀብታሟ ጀርመን ውስጥ የቅንጦት መኪና አምራች አልቀበልም ያለውን ድጎማ፣ ድሃዋ ኢትዮጵያ ለቅንጦት መኪና ገዢ የምትሰጥበት ምክንያት ካለ የገንዘብ ሚኒስቴር ወጥቶ ይናገር። ከሌለ ደግሞ የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት ይታረም።